ከጎንደር ወደ ስሜን፦ የትኛው ካሜራ፣ የትኛው ሌንስ፣ በምንስ ኤዲት እናድርግ?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይመጣል፦ «ይህን ያህል ብር አጠራቅሜያለሁ፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ጠያቂው ፒያሳ አካባቢ ስቱዲዮ ያለው ወጣት ሊሆን ይችላል። እንግዳ ይዞ ወደ ስሜን የሚወጣ አስጎብኚም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ካሜራ አያስፈልጋቸውም። አንዱ ጥምቀትን ሲያነሳ ውሎ ማታ ቤቱ ገብቶ ባትሪውን ይሞላል። ሌላው ለቀናት ሶኬት ሳያይ ድንኳን ውስጥ ያድራል።

ስለዚህ በካሜራ ስም አንጀምርም። መጀመሪያ መለኪያዎቹን እናስቀምጥ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእነሱ እንመዝናለን። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከጎንደር ተነስቶ ተራራና በዓል ለሚያነሳ ሰው ገንዘቡ ከቦዲው (ሌንስ ካልተገጠመበት የካሜራ አካል) ይልቅ ወደ ሌንስ፣ ወደ ባትሪና ወደ ማስቀመጫ መሄድ አለበት። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙም ያለ ኢንተርኔትና ያለ ዶላር ካርድ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል።

ዋጋ በብር አልጽፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ከወር በኋላ ሰው ያሳስታል። የአማራጮቹን ዋጋ እርስ በርሳቸው እያነጻጸርኩ እሄዳለሁ።

## መጀመሪያ መለኪያው

መብራት። ለእኔ የመጀመሪያው መለኪያ ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ሆቴል አለ፤ መብራት ካልጠፋ ሶኬትም አለ። ከደባርቅ ወዲያ ነገሩ ይለወጣል። የሳንካበር፣ የግጭና የጨነቅ ካምፖች ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ ቻርጅ አደርጋለሁ ብሎ መውጣት አይገባም። በደረቁ ወራት ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም። ማታ ግማሽ ያሳይ የነበረው ጠዋት ባዶ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ። ካሜራው በአንድ ባትሪ ስንት ፎቶ ያነሳል? ከፓወር ባንክ በዩኤስቢ መሙላትስ ይችላል? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አይተናነስም። ሒሳቡን እንየው። 20,000 ሚሊአምፒር የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። ሲያስተላልፍ የሚባክነውን ስንቀንስ 45 ወይም 50 ይተርፋል። የትንንሽ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች ባትሪ ብዙ ጊዜ 7 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ስድስት ጊዜ ያህል ይሞላል። ትልልቆቹ ባትሪዎች 16 ገደማ ስለሆኑ ሦስት ጊዜ ብቻ ይሞላሉ። ፓወር ባንኩ 100 ዋት-ሰዓት ካላለፈ በአውሮፕላን ይዞ መግባት ይቻላል። መቀመጥ ያለበት ግን በእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም።

ርቀት። ጭላዳ ዝንጀሮና ዋሊያ በአንድ ተራራ ይኖራሉ። ለፎቶ አንሺ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የስሜን ጭላዳ ሰው ለምዷል። ጸጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ መንጋው ሣር እየነጨ ራሱ በአጠገባችሁ ያልፋል። 70 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል) የፊቱን ጠባሳ ሳይቀር ያሳያችኋል። ለመቅረብ ብሎ ምግብ መወርወር ግን ነውር ነው፤ እንስሳውንም ያበላሻል።

ዋሊያው ገደል ላይ ነው። ጨነቅ አካባቢ በቅርብ የሚገኝበት ቀን አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሸለቆው ማዶ ነው። ለእሱ 300 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮ ጭራሽ መታየቱ ራሱ ዕድል ነው። 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ የሚታየውን ገደል ለሚያነሳ ደግሞ ዙሙ ጥቅም የለውም፤ ሰፊ ሌንስ ነው የሚፈልገው። «ለስሜን ስንት ሚሊ ሜትር ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቅድሚያ ምን እንደሚያነሳ መወሰን አለበት።

ብርሃን። ከተማ ውስጥ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩንን መላእክት ማንሳት የማይመኝ የለም። ውስጡ ግን ጨለም ያለ ነው፤ ፍላሽም አይፈቀድም። መፍቀዱም አይገባም፤ ሥዕሉ የሁላችን ነው። የከተራ ሌሊት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለው ብርሃን የጧፍና የመንገድ መብራት ነው። በማግስቱ ጥር 11 ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ነጭ ነጠላ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ግንቡን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ጥላ ውስጥ ይጠቁራሉ። ካሜራው ሁለቱንም በአንድ ፎቶ መያዝ መቻል አለበት።

ክብደት፣ አቧራ፣ ውኃ። ከ4,000 ሜትር በላይ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይቆጠራል። ቦርሳውን በበቅሎ መጫን ይቻላል፤ ካሜራውን ግን አይጭኑም። አቧራው በደረቁ ወራት ከመንገዱ ይነሳል፣ ሌንስ ስትቀይሩ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ ያርፋል። ጥምቀት ላይ ደግሞ ጠበሉ በጎማ ይረጫል፤ ፊት ያለው ፎቶ አንሺ አብሮ ይረጥባል።

ጥገናና መለዋወጫ። የምትገዙት ካሜራ ባትሪ ቢሞት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል? ጓደኞቻችሁ የሚጠቀሙት ሌንስ በእናንተ ላይ ይገጥማል? እዚህ አገር መዋዋስ የሥራው አንድ አካል ነው። የጓደኛን ሌንስ ለሠርግ ቀን መዋስ የቻለ ሰው ብዙ ብር ያድናል።

## አማራጮቹ በመለኪያው ሲመዘኑ

### ስልክ

ስልክን ማንም አይናቅ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆኑ ስልኮች ቀን ላይ የሚያወጡት ፎቶ ለማኅበራዊ ሚዲያም፣ ለትንሽ ህትመትም ይበቃል። በሌሊት ብዙ ፎቶዎችን ደራርበው አንድ ያደርጋሉ። ስለዚህ ያለ ትራይፖድ ከተራን ማንሳት ይቻላል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ ግን ይደበዝዛል። በፓወር ባንክ ይሞላል። ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ብርዱም አይጎዳውም።

ድክመቱ ርቀት ነው። ሦስት ወይም አምስት እጥፍ የሚያቀርብ እውነተኛ ሌንስ ያላቸው ስልኮች ጭላዳን ያነሳሉ። ዋሊያ ላይ ግን ስዕሉ ይሰባበራል። ስልክ ስትመርጡ የሜጋፒክሰሉን ቁጥር እርሱት። በሮው (ካሜራው ሳያርመው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል)፣ ማለትም በዲኤንጂ ያነሳል ወይ? የዙሙ ሌንስ እውነተኛ ነው ወይስ ዝም ብሎ የሚቆርጥ ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

### ያገለገለ ዲኤስኤልአር

ካኖንም ኒኮንም አዲስ ዲኤስኤልአር (ውስጡ ባለ መስታወት እየታየ የሚያነሳ ካሜራ) ያወጡት ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ጊዜው አልፎበታል» ይላል። እኔ ደግሞ ዋጋው የወረደበትን ምክንያት ነው የማየው። ባትሪው ረጅም ነው፤ ብዙዎቹ በአንድ ሙሌት ከ600 እስከ 1,200 ፎቶ ያነሳሉ። በመስታወት ስለሚታይ ስክሪኑ ጠፍቶም ይሠራል። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ጉዞ ሁለት ባትሪ ሊበቃ ይችላል። ሌንስ ስትቀይሩም መስታወቱና መዝጊያው ከሴንሰሩ ፊት ስለሆኑ አቧራው በቀጥታ አይገባም።

ችግሩ ክብደቱና ቻርጀሩ ነው። መካከለኛው ቦዲ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ባትሪውን አውጥቶ ግድግዳ ላይ መሰካት የሚፈልጉት ይበዛሉ። በዩኤስቢ የሚሠራ የውጭ ቻርጀር ግን ለታዋቂ ባትሪዎች ይገኛል፤ ርካሽም ነው። ግዙት።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ አትቸኩሉ። ሹተር ካውንቱን (መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያሳየውን ቁጥር) አሳዩኝ በሉ። ለጀማሪ ቦዲዎች 100,000፣ ለመካከለኛዎቹ 150,000 ገደማ እንደሚበቃ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ የሄደ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። ከዚያ ውጭ ውጡና በኤፍ 16 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ንጹሕ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ሌንሱን በብርሃን በኩል ገልብጣችሁ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ውስጡ ካለ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ባትሪው ካበጠም ተዉት። ሻጩ ይህን ሁሉ አታይም ካለ መልሱ ያ ነው።

### ኤፒኤስ-ሲ ሚረርለስ

ለተራራው መንገድ የማደላው ወደዚህ ነው። ቦዲው ከ375 እስከ 500 ግራም ገደማ ይመዝናል። አዳዲሶቹ በዩኤስቢ-ሲ ከፓወር ባንክ ይሞላሉ። የሰውንና የእንስሳን ዓይን ፈልገው ፎከስ የሚያደርጉም አሉ። ጭላዳው ጭንቅላቱን በየሰከንዱ ሲያዞር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሌላው ጥቅም የሴንሰሩ መጠን ነው። ከትልቁ ሴንሰር፣ ከፉል ፍሬም፣ ያንሳል፤ ስለዚህ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም 450 የሚያሳየውን ያህል ጠበብ አድርጎ ያሳያል። ለዋሊያ ይህ ነፃ ዙም ነው። ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ሰፊ ሌንስ ፍለጋ ያስቸግራል፤ በሌሊትም ፍርፍሩ (ጨለማ ውስጥ ፎቶው ላይ የሚወጣው የነጥብ ብናኝ) ቶሎ ይታያል።

ባትሪው ነው ድካሙ። በአንድ ሙሌት ከ300 እስከ 600 ፎቶ ያነሳል፤ ብርድ ላይ ከዚያም ያንሳል። ሦስት ባትሪና አንድ ፓወር ባንክ የግዴታ ነው። ሌንስ ሲነሳ ሴንሰሩ ራቁቱን ስለሚቀር ጀርባችሁን ለነፋስ ሰጥታችሁ፣ ቦዲውን ወደ መሬት ደፍታችሁ ቀይሩ።

### ፉል ፍሬም

36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ሴንሰር ከኤፒኤስ-ሲ ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት አለው። ጨለማ ውስጥ የሚለየው ይህ ነው። ከተራን፣ ማኅሌትን፣ የሠርግ ምሽትን ለሚያነሳና ከዚህ ሥራ ለሚያድር ሰው ገንዘቡን ያወጣል። የነጠላውን ንጣትና የጥላውን ጥቁረት በአንድ ፋይል ይዞ ለኤዲቲንግ ያቆያል።

ችግሩ ቦዲው ላይ አያልቅም። ሌንሶቹ ይወደዳሉ፤ ይከብዳሉም። ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሄዱት የታወቁ ዙሞች 2 ኪሎ ገደማ ናቸው። ትራይፖድ ሲጨመር የቧሂትን ተራራ ለመውጣት ጀርባ ላይ የሚቀመጠውን አስቡት። ለቦዲው ከጨረሳችሁ በኋላ ከቦዲው ጋር በሚመጣው በኪት ሌንስ የምትቀሩ ከሆነ አትግዙት።

### አክሽን ካሜራና ድሮን

አክሽን ካሜራ ለቪዲዮ ነው። ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ሽፋን እስከ 10 ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ጥምቀት ላይ ወደ መዋኛው ለሚዘሉት ወጣቶች ተስማሚ ናቸው። ለፎቶ ዋና ካሜራ አይሆኑም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ጣጣ አለው። በብሔራዊ ፓርክና በቅርስ አካባቢ ጭራሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈቃዱን በወረቀት ሳትይዙ ለድሮን ብር አታውጡ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ስልክ | ያገለገለ ዲኤስኤልአር | ኤፒኤስ-ሲ ሚረርለስ | ፉል ፍሬም ሚረርለስ |
|---|---|---|---|---|
| ዋጋ ከነሌንሱ | ካለ ወጪ የለም | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የቦዲ ክብደት | 200 ግራም ገደማ | 450–750 ግራም | 375–500 ግራም | ብዙዎቹ 650 ግራም ገደማ |
| ባትሪ | በፓወር ባንክ ይሞላል | ረጅም፤ ልዩ ቻርጀር ይፈልጋል | አጭር፤ አዳዲሱ በዩኤስቢ ይሞላል | መካከለኛ፤ በዩኤስቢ ይሞላል |
| ዋሊያ | አይሆንም | ይሆናል | በጣም ይሆናል | ይሆናል፤ ሌንሱ ውድ |
| ጭላዳ | ይሆናል | በጣም ይሆናል | በጣም ይሆናል | በጣም ይሆናል |
| ቤተ ክርስቲያን ውስጥና ከተራ | ካልተንቀሳቀሰ | በ50 ኤፍ 1.8 ደህና | በኤፍ 1.8 ጥሩ | ምርጥ |
| አቧራ ላይ ሌንስ መቀየር | አይመለከተውም | ይሻላል | ጥንቃቄ | ጥንቃቄ |
| ሌንስ በርካሽ ማግኘት | የለም | ቀላል | መካከለኛ | ከባድ |

## ሌንስ፦ ብሩ እዚህ ይዋል

አንድ ቦዲ ሦስትና አራት ዓመት ትይዙታላችሁ። ጥሩ ሌንስ ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲሸጥም ዋጋው እንደ ቦዲ አይወርድም።

በትንሽ ብር ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። የዲኤስኤልአሮቹ ከ200 ግራም በታች ይመዝናል። ከኪት ሌንሱ ጋር ሲነጻጸር በኤፍ 5.6 ከሚገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ገደማ ያስገባል። ፍላሽ በተከለከለበት ቤተ ክርስቲያን ይህ የሚነሳና የማይነሳ ፎቶ ልዩነት ነው። በኤፒኤስ-ሲ ላይ ትንሽ ስለሚጠብ ለጣሪያው ሥዕል ሙሉ እይታ አይመችም። ለፊት፣ ለእጅ፣ ለጸናጽል ግን አቻ የለውም።

ሁለተኛው ቀላል ዙም ነው። ለኤፒኤስ-ሲ ከ55 እስከ 250 ወይም ከ70 እስከ 300 የሚሄዱት አሉ። አንዳንዶቹ ከ400 ግራም አይበልጡም። በስሜን ከጭላዳ እስከ ዋሊያ በአንድ ሌንስ ትሠራላችሁ። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ ያለውን ምረጡ። የማረጋጊያ ምልክቱ በየፋብሪካው ስለሚለያይ ሻጩን ጠይቁ። ያም ሆኖ እንስሳው ከተንቀሳቀሰ ማረጋጊያ አያድንም። በ300 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ላይ አንሱ።

150–600 የሚገዛው ዋሊያና ወፍ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ነው። ለሌላው ሰው ቤት የሚቀር ዕቃ ነው። ክብደቱን የሚያውቀው ሁለተኛው ቀን ላይ ነውና።

ትራይፖድ ላይ አልረዝምም። ለኮከብና ለንጋት ያስፈልጋል። 1.2 ወይም 1.5 ኪሎ የሆነውን ያዙ። ገደሉ ጫፍ ነፋስ ስለሚበረታ ቦርሳችሁን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉ። ከዚያ በተረፈ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ይኑር። አንዱ ለዝናብና ለጠበል ነው። ሌላው ከብርድ ወደ ሙቅ ቤት ስትገቡ ካሜራውን አስራችሁ ለማቆየት ነው፤ ላቡ በፌስታሉ ላይ ይቀራል እንጂ ሌንሱ ውስጥ አይገባም።

## ካርድና ሃርድ ዲስክ

የ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ሮው ፋይል ከ25 እስከ 50 ሜጋባይት ይሆናል። 64 ጊጋባይት ካርድ በ30 ሜጋባይት ሒሳብ 2,000 ያህል ፎቶ ይይዛል። አንድ 128 ከምትገዙ ሁለት 64 ግዙ። አንዱ ቢበላሽ የሁሉም ቀን ሥራ አይጠፋም። የሚያስመስሉ ካርዶች ገበያው ላይ አሉ። «256» ተጽፎበት ውስጡ 32 የሆነ ያጋጥማል። አዲስ ካርድ ስትገዙ ከጉዞው በፊት እስከ አፉ ሞልታችሁ አንብቡት። ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

## ኤዲቲንግ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የቱ ነው?

እዚህ ላይ የእኛ መለኪያ ከሌላው ዓለም ይለያል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ጊዜ ሥራቸው በሙሉ በክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ) ለነበረ ሰዎች ምን ያህል እንደከበደ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቅ። ከመስመር ውጭ ይሠራል? ክፍያው በየወሩ በዶላር ነው ወይስ አንዴ ነው ወይስ ነፃ ነው? ያለን ላፕቶፕ ይችለዋል? ክፍያው ቢቋረጥ ሥራችን ምን ይሆናል?

ላይትሩም ክላሲክ ፎቶ ለመደርደርና በብዛት ለማረም ምቹ ነው። አዲሱ የፍርፍር መቀነሻው በጣም ጥሩ ነው፤ የከተራ ሌሊት ፎቶዎችን ያድናል፤ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ግን ይፈልጋል። ክፍያው በየጊዜው የሚታደስ ምዝገባ ነው፣ በዶላር ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን መገናኘት አለበት። ምዝገባው ካለቀ ፎቶዎቹን ማየትና ማውጣት ይቻላል፤ ማረሚያው ክፍል ግን ይዘጋል። ዶላር ካርድ ያለው ወይም ከውጭ የሚከፍልለት ሰው ካለው ምርጫው ቀላል ነው።

ዳርክቴብል ነፃ ነው። ምዝገባም መለያም አይጠይቅም፤ አንዴ አውርዶ መጫን ብቻ ነው። አቅሙ ከሚከፈልባቸው አያንስም። ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቁልፎቹ ብዙ ናቸው፣ ስማቸውም ግራ ያጋባል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ያስመርራል። ካለፋችሁት በኋላ ማንም ካርድ ቆረጠ አልቆረጠ የማይመለከተው መሣሪያ ይኖራችኋል። የምታደርጉት እርማት ከፎቶው አጠገብ በትንሽ ፋይል ስለሚቀመጥ ዋናው ሮው አይነካም።

ሮው ቴራፒም ነፃ ነው። ግራፊክስ ካርድ አይፈልግም፤ ሥራውን በሙሉ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ ቆየት ያለ ላፕቶፕ ላለው ሰው ይህን እመክራለሁ። ድክመቱ ፎቶ መደርደር ላይ ነው፤ ለዚያ ዲጂካም የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አብሮ መጠቀም ይቻላል።

የካሜራ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የሚሰጡትን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የካኖኑ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል፣ የኒኮኑ ኤንኤክስ ስቱዲዮ፣ የሶኒው ኢሜጂንግ ኤጅ ነፃ ናቸው። የራሳቸውን ካሜራ ሮው ብቻ ይከፍታሉ። ዘገምተኛ ናቸው፤ ቀለሙ ግን ካሜራው ላይ ካያችሁት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለሰው ፊት ቀለም ሲጨነቁ ለሚውሉ ጀማሪዎች ጥሩ መነሻ ነው።

በስልክ ለሚሠራ ስናፕሲድ ነፃ ነው፤ ዲኤንጂ ይከፍታል፤ ከመስመር ውጭም ይሠራል። የስልኩ ላይትሩም መሠረታዊው ክፍል ነፃ ነው፤ የካሜራ ሮው መክፈትና የፎቶውን አንድ ክፍል ለይቶ ማረም ግን ክፍያ ይጠይቃል። ለቪዲዮ ላፕቶፓቸው ጠንካራ የሆነ የዳቪንቺ ሪዞልቭን ነፃ ቅጂ ይጫኑ።

| ፕሮግራም | ክፍያ | ያለ ኢንተርኔት | ላፕቶፕ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ላይትሩም ክላሲክ | ምዝገባ በዶላር | ለተወሰነ ጊዜ | 16 ጊጋ ራም ቢሆን ይመረጣል | ብዙ ሠርግ ለሚያርም |
| ዳርክቴብል | ነፃ | ሁልጊዜ | ግራፊክስ ቢኖር ይፈጥናል | ለመማር ጊዜ ላለው |
| ሮው ቴራፒ | ነፃ | ሁልጊዜ | ቆየት ያለም ይችላል | አሮጌ ላፕቶፕ ላለው |
| የፋብሪካው | ነፃ | አዎ | መካከለኛ | ለጀማሪ |
| ስናፕሲድ | ነፃ | አዎ | ስልክ ብቻ | በስልክ ለሚያነሳ |

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በፍላሽ ዲስክ በየሱቁ ይዞራል። አትጫኑት። ከሌላው ነገር ይልቅ የሚያስጨንቀኝ አብሮት የሚገባው ቫይረስ ነው፤ የደንበኛ ሠርግ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ቆልፎ ብር ሊጠይቅ ይችላል። አቅም ያላቸው ነፃ ፕሮግራሞች እያሉ ይህን አደጋ መሸከም አያስፈልግም።

ስለ እርማቱ አንድ ነገር ልጨምር። የስሜን ጭጋግ ርቀቱን የሚያሳይ ነገር ነው። ጭጋግ ማጥፊያውን እስከ ጥግ የሚጎትቱ ሰዎች ከኋላ ያሉትን ሰንሰለት ተራሮች ከፊተኛው ጋር ያጣብቋቸዋል። ትንሽ ብቻ ንኩት። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ደግሞ ቀለም አታጋንኑ። ፎቶው ነገ ለተመራማሪ ወይም ለጠጋኝ ሊያስፈልግ ይችላል። የእናንተ ፎቶ የሚያሳየው ቀይ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መሆን አለበት።

## ለማን የቱ?

ተማሪና ገና የሚሞክር፦ ያለውን ስልክ ይያዝ። 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክና ትንሽ የስልክ ትራይፖድ ይግዛ፤ ስናፕሲድን ይልመድ። ለስድስት ወር ያህል በሮው ያንሳ። የሚጎድለው ዙም ይሁን የሌሊት ብርሃን ያኔ በራሱ ፎቶ ላይ ያየዋል።

ትንሽ በጀት ያለው፦ ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ 50 ኤፍ 1.8፣ 55–250 ዓይነት ዙም፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የዩኤስቢ ቻርጀር። ማረሚያው ሮው ቴራፒ ወይም የፋብሪካው። በዚህ ዕቃ ጥምቀትንም ስሜንንም ማንሳት ይቻላል። ብሩ ካልበቃ ቦዲውን አንድ ሞዴል ዝቅ አድርጉ እንጂ 50ውን አትተዉ።

አስጎብኚ፦ በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ ኤፒኤስ-ሲ ሚረርለስ፣ አንድ 18–135 ዓይነት ሁለገብ ሌንስ፣ አቅም ካለ 70–300 ወይም 70–350። እንግዳ እየመራችሁ ሌንስ ለመቀየር ጊዜ የላችሁም። ሦስት ባትሪ ልብሳችሁ ውስጥ ሰውነታችሁ ጋ ይደር።

ከሠርግና ከበዓል የሚያድር፦ ያገለገለም ቢሆን ፉል ፍሬም፣ 35 ወይም 50፣ ቀጥሎ 85። ሁለት የካርድ ቦታ ያለውን ፈልጉ፤ የሰው ሠርግ አንድ ካርድ ላይ ብቻ አይያዝም። ገቢው ከፈቀደ ላይትሩም፤ ካልፈቀደ ዳርክቴብል።

የዱር እንስሳ ብቻ የሚል፦ ጥሩ ፎከስ ያለው ኤፒኤስ-ሲ ቦዲና 100–400፣ ወይም ክብደቱን ከቻላችሁት 150–600። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅ ላሉ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ።

ከውጭ ዘመድ ሲመጣ ዕቃ የምታስመጡ ከሆነ የካሜራውን ስም ብቻ አትላኩ። የሌንሱን ማያያዣ ዓይነት፣ የባትሪውን ሞዴል ቁጥርና የካርዱን ፍጥነት ጽፋችሁ ላኩ። ዋስትናው ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ ስለሚሠራ ደረሰኙ ይላክ። ዕቃው በደረሰ ቀን አውጥታችሁ ሞክሩት፤ ጉድለት ካለው ዘመዳችሁ ይዞት ሊመለስ ይችላል።